ወደ ራሔይታ የሚሄድ ወሬ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። አንተም በር ላይ አትቁም፣ ከነፋሱ ግባና ተቀመጥ። የዓዚዛን ነገር ልነግራችሁ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ አሰብ ውስጥ የሆነ ነው። ሳትቸኩሉ ስሙኝ።

ዓዚዛ ያን ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር እየሮጠች ወጣች። ወዴት እንደምትሮጥ ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር። ብቻ እግሯ አልቆም አላት።

ዒድ ገና አላለፈም፤ ክፍሎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። መምህር በቀለ ግን በየሰፈሩ ልጅ ልከው፣ ያገኟቸውን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሰብስበው ነበር። አዲስ አበባ ካለ አንድ ኮሌጅ ፈታኝ መጥቷል። ከበዓሉ በኋላ ይመጣል ሲባል የነበረው ሰውዬ ዛሬ በማለዳ ከአውሮፕላን ዱብ አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቀን የቆረጠ ሰው የዒድ ጨረቃ መቼ እንደምትታይ ከየት ይወቅ! ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይፈትናል፤ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ይመለሳል። ለአሰብ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ያገኘው ልጅ ምግቡም፣ መኝታውም፣ ትምህርቱም በነጻ።

«ያዮስ፣ መምህር?» አለች ዓዚዛ።

መምህር በቀለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ የአሰብን ሙቀት እስከ ዛሬ አልለመዱትም። «ያዮ ራሔይታ ቤተሰቦቹ ጋ ነው አይደል? ምን ላድርግ ልጄ? ሰውዬውን ለመንኩት፤ አንድ ቀን እንኳ አልጨምርም አለኝ። ያለ ይፈተናል፤ የሌለ... እንግዲህ የለም።»

ይህ ያዮ ከአሰብ ወዲያ፣ ባሕሩ ዳር ያለችው የራሔይታ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ አሰብ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። ከክፍሉ አንደኛ ሁልጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛዋ ሁልጊዜ ዓዚዛ። አፉም አያርፍም፤ ካርድ በተሰጠ ቁጥር «አይዞሽ፣ ሁለተኛም ቁጥር ነው» ይላታል። እሷም በልቧ ስንት ጊዜ ባሕር ውስጥ ወርውራዋለች መሰላችሁ!

በእነሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአሥረኛ በላይ ክፍል የለም። የዓዚዛ አባት ኻሊፋ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ልጅ ይዞ እሷን አዲስ አበባ አስቀምጦ የሚያስተምርበት አቅም አልነበረውም። ይህ ዕድል ካመለጣት ትምህርቷ እዚያው ላይ አበቃ። ያዮ ካልመጣ ግን ዕድሉ የማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?» አለቻት ጓደኛዋ አሰጋሽ፣ ከኋላዋ እያለከለከች። አሰጋሽ አባቷ በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ስለሆነ ፈተናው ብዙም አላስጨነቃትም።

«ያዮ አያውቅም እኮ።»

«እና? አቦ ተይን! ራሔይታ አንቺ ነሽ የላክሽው? ለሥጋው ብሎ የሄደው እሱ።»

«ዒድ ነው፣ አሰጉ። ሰው ለዒድ ቤቱ አይሄድም?»

«እሺ ሄደ። ሲመለስ አንቺ አዲስ አበባ ነሽ። ‹አይዞህ፣ ሁለተኛም ቁጥር ነው› ብለሽ ትልኪበታለሽ።»

ዓዚዛ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ወደ ቤቷ ታጠፈች።

ቤት ገብታ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠች። ዘጋችው። ውሃ ጠጣች። መስኮቱን ከፈተች፤ ነፋሱ አሸዋ ሲያስገባ መልሳ ዘጋችው። እናቷ ሐስና ስታያት ቆየችና፣ «አንድ ቦታ ተቀመጪ እንጂ፣ ዓይኔን አዞርሽው!» አለቻት። «ይልቅ ይህን ቴምር ይዘሽ ውጪ። ማደያው ጋ የእነ ዓፋፍ ካሚዮን ወደ ራሔይታ ሊነሣ ነው፤ ለአክስትሽ ያድርሱልኝ በያቸው።»

ወደ ራሔይታ። ዓዚዛ ቴምሩን ተቀብላ ወደ ማደያው ሄደች።

አባባ ዓፋፍ የአባቷ ዘመድ ናቸው። ካሚዮኑ ቀን ባዶውን ይሄዳል፤ ሌሊቱን ዓሣ ጭኖ ፀሐይ ሳትበረታ አሰብ ይገባል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ።»

«ወዓለይኩም አሰላም፣ ዓዚዛ። ቴምሩን ይደርሳል በያት። ነይ ቁጭ በይ፤ ዳጉ።»

ዳጉን የማታውቁ ትኖራላችሁ። አፋር ከአፋር ጋር ሲገናኝ እጅ ነሥቶ ብቻ አያልፍም። ቁጭ ይልና ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ የጓደኛውንም ይሰማል። ዝናቡን፣ በሽታውን፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሞተ። የሰማው ደግሞ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ያቀብላል። አጉድሎ መናገር ነውር ነው። በዳጉ የቀጠፈን ሰው ከዚያ ወዲያ ጆሮ የሚሰጠው የለም።

ካሚዮኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዓዚዛ ሌሊቱን ስለነፈሰው ነፋስ፣ ወደብ ስለገባችው ትልቅ መርከብ፣ መንታ ስለተገላገለችው ጎረቤታቸው ተናገረች። ሽማግሌው በያንዳንዱ ላይ «እሺ» እያሉ ተቀበሏት። እዚያ ላይ አቆመች።

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው፣ አባባ።»

«ያየሽው የሰማሽው ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አመኗት። ለምን አያምኗት? ሽርጣቸውን አራግፈው ከሾፌሩ ጎን ገቡ፤ ሞተሩ ተነሣ።

ዓዚዛ ባለችበት ቆማ ቀረች። አሁን ይህ ሁሉ ወሬ ወዴት እንደሚሄድ ታያት። ራሔይታ ለዒድ ሰው ሞልቷል። ዛሬ ማታ አባባ ዓፋፍን ከበው ይቀመጣሉ፤ «ከአሰብ ምን አመጣህ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ነፋሱን፣ መርከቧን፣ መንታዎቹን ይናገራሉ። ያዮ ከበዓሉ ሲመለስ ፈተናው እንዳለፈ ይሰማል። ያኔ የያዮ አባት የዓዚዛን ስም አይጠራም። «ዓፋፍ ያን ማታ ከአሰብ መጥቶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ይህን ደበቀኝ!» ነው የሚለው። ዕድሜ ልካቸውን ቃላቸው ሲታመን የኖሩ ሰው፣ በእሷ ጦስ ቀጣፊ ሊባሉ ነው።

ካሚዮኑ መንገድ ጀምሯል።

«አባባ! ቁሙ! ቁሙልኝ!»

አንዱ ጫማዋ አሸዋው ውስጥ ቀረ፤ አላነሣችውም። ሾፌሩ ውድነህ ፍሬን ይዞ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ልትገጪ ነው?»

«ዳጉ... ዳጉው አላለቀም!»

«ኧረ ወሬሽን ነገ ጨርሺው! ጎማዬ ቀለጠ እኮ!»

አባባ ዓፋፍ አልሳቁም። በሩን ከፍተው ወረዱ፤ እዚያው መሐል መንገድ፣ ፀሐዩ ላይ ቁጭ አሉ። ዓዚዛም በአንድ እግሯ ጫማ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ከአዲስ አበባ ፈታኝ መጥቷል፣ አባባ። ኮሌጅ ገብቶ በነጻ የሚማር ልጅ ሊመርጥ ነው። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይፈትናል፤ ከዚያ ይሄዳል። ለያዮ ንገሩት። ከእናንተ ጋር ይምጣ።»

«ስንት ልጅ ይወስዳል?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

«እኔም እፈተናለሁ።»

ለምን ቅድም ደበቅሽኝ አላሏትም። ፊቷን ትንሽ አዩትና «እሺ» አሉ፣ ነፋሱንና መርከቧን በተቀበሉበት ድምፅ። ሲነሡ ግን ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። «ከዓሣው ጋር ጭነን እናመጣዋለን። ሽታውን እንግዲህ እናንተ ቻሉት።»

አቧራው ሲረግብ ዓዚዛ ጫማዋን ፈልጋ አራገፈችው። እግሯ አሁንም አላርፍ ብሏል። በቀጥታ አሰጋሽ ቤት ሄደች።

«ያዮ ይመጣል» አለቻት በሩ ላይ።

አሰጋሽ ጮኸች። «ልከሽበት ነው? አንቺ ልጅ፣ ጤነኛም አይደለሽ! ቢበልጥሽስ?»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። ጂኦሜትሪ ላይ ነው የሚበልጠኝ። መጽሐፍሽን አውጪና ጠይቂኝ፤ እስኪመሽ አላስነሣሽም።»

«ቀሽም!» አለች አሰጋሽ፤ መጽሐፉን ግን አወጣችው።

ፈተናውን ማን እንዳለፈ ሳልነግራችሁ እዚህ ላይ ላቁም፣ ልጆቼ። ሌላው ቢጠፋባችሁ አይከፋኝም። ያቺን ልጅ ግን በዚያ ጠራራ፣ በአንድ እግሯ ጫማ፣ ከካሚዮኑ ኋላ ስትሮጥ አስታውሱልኝ፤ አደራ።