የሰብሌ ካርዶች

ሰብሌ የምስማሩን ካርድ አውጥታ በበር ማጠፊያው ቦታ ሰካችው። የማጠፊያውን ደግሞ ወደ ቀለሙ አዛወረችው። ቅዳሜ ነበር፤ አጎቷ አቶ መሸሻ ለምሳ ወጥተው ኮልፌ ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቃቸው ጭር ብሏል።

ካርዶቹን የሠራቻቸው እሷ ናት። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም፣ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተማረችውን ይዛ የ1963ን ክረምት ሙሉ ለፍታባቸዋለች። ቀድሞ ሱቁና መጋዘኑ አይተዋወቁም ነበር። ደንበኛ «አልቋል» ተብሎ ከተሸኘ በኋላ፣ ዕቃው መጋዘን ጥግ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ሰብሌ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥርና ሦስት ካርድ ሰጠችው፤ ነጩ ለሱቁ፣ ቢጫው ለመጋዘኑ፣ ቀዩ ለግዢ። ሱቁ ሲሸጥ መጋዘኑ ያውቃል፤ መጋዘኑ ሲጎድልበት ቀዩ ካርድ ይወጣና አጎቷ አዲስ ዕቃ ያዛሉ። ካርዶቹ ላይ የዕቃው ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙ የተጻፈው ካርዱ በሚሰካበት ኪስ ላይ ነው። የትኛው ቁጥር የየትኛው ዕቃ እንደሆነ በቃሏ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

የአጎቷ ልጅ ፈቀደ ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ሥራው የራሱ እንደሆነ አወራ። አባቱም ኮርተው አስኮ የሚከፈተውን ሱቅ እሱ እንዲመራው ወሰኑ። ሰብሌ ለብቻው አግኝታ ስትጠይቀው ሳቀባት።

«ባክሽ ተይኝ» አላት። «የሰብሌ ሐሳብ ነው ብል ማን ይሰማኛል? አንቺ እንደሆነ ነገ ታገቢያለሽ።»

ሳቁ ለቀናት ከጆሮዋ አልጠፋም። ሰኞ ካርዶቹን ለአስኮው ሱቅ ሸሪክ ለአቶ ተክለሃይማኖት እንደሚያሳይ ስትሰማ፣ እዚያው ይዋረዳል ብላ ቅዳሜ ካርዶቹን አዘበራረቀች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያሰበችው ደርሶ ነበር። ካርዱ አርባ ደርዘን ማጠፊያ አለ ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው ስድስት ደርዘን ነው። ፈቀደን ላብ አጥምቆታል። ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ፈገግታዋን ዋጠች።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው በጋሼ ገሜዳ እጅ ነው» አለ ፈቀደ።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ጋሼ ገሜዳ መጋዘኑን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሰብሌ ይህን ስታይ ገብታ ካርዶቹን እየመዘዘች፣ ምንም ወረቀት ሳታይ በየቦታቸው መለሰቻቸው። ማጠፊያው ስድስት ደርዘን ሆነ፤ ምስማሩም ልክ መጣ።

«ቁጥሮቹን ማን አስተማረሽ?» አሉ አጎቷ።

«ማንም። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ፈቀደ አንገቱን ደፋ። አቶ መሸሻ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ሥራውን ካላወቀው ያዘበራረቀውም እሱ መሆን አለበት ብለው መቆጣት ጀመሩ። ሰብሌ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ፈቀደ ቢምል እንኳ የሚያምነው አልነበረም።

ሰብሌ ጋሼ ገሜዳን ማየት አቃታት።

«ቅዳሜ ነው፣ እርስዎ ለምሳ ሲወጡ» አለች ለአጎቷ። «ያዘበራረቅኋቸው እኔ ነኝ።»