ከገደል የወጣ ባሌስትራ

ሰው ከሞተበት መኪና የተፈታ ብረት፣ በሕይወት ያለውን እስከ የት ያደርሰዋል? ወይዘሮ ዘነበች ከጠዋት ጀምሮ ራሳቸውን ይህንኑ ይጠይቃሉ። ቤታቸው ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ስለሆነ የተበላሸ መኪና ደጃቸው ሲጠገን ማየት ብርቃቸው አይደለም፤ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ቋት፣ ሰልባትዮው፣ በሳሙና ሲደፈን፣ የተበጠሰ የሞተር ቺንጋ በገመድ ሲተካ አይተዋል። ዛሬ ግን መኪናው ስር የተጋደመው፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ በእጃቸው ያደገው የልጅ ልጃቸው ስለሺ ነው።

የአሮጌው ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ንጣፍ፣ ትናንት ተሰበረበት። እሱም ባለፈው ሳምንት ከነሾፌሩ ገደል ከገባው መኪና ላይ ሌላ ፈታና ተሸክሞ መጣ።

«አርባው ሳይወጣ?» አሉት። «የሰውዬው አፈር ሳይደርቅ ብሎን ይፈታል?»

«እምዬ ደግሞ! ሟቹ ከእንግዲህ ምን ሊጭንበት ነው?» ሳቀና መኪናውን ሽቅብ የሚያነሣውን ክሪክ ከስሩ አስገባ። «ይልቅ ምሳዬን አሙቂልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ እየተሳበ ወጣ፤ መንገዱን፣ የአጥሩን ቁልቋል፣ የመኪናውን አፍንጫ እያለ ሁሉንም ዋጠው። ከጉሙ ጋር የተቃጠለ ዘይትና አዲስ የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሽታ መጣ። የስለሺ መዶሻ ብረቱን ሲመታ ገደሉ ይመልሳል፤ መዶሻው ዝም ካለም በኋላ ገደሉ መምታቱን አልተወም። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የልጁ እግሮች በዚህ በኩል ወጥተው ይታያሉ። በወዲያኛው ጎማ በኩልም፣ በጉሙ ውስጥ፣ ሌላ እግር ያዩ መሰላቸው።

«ስለሺ! ተው ግባ! ነገ ይደርሳል!»

«መጣሁ እምዬ።»

ገብተው ምድጃው ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ከአናቱ እስከ ጫማው የመኪና ግራሶ የተለቀለቀ፣ ጉሙ ልብሱ ላይ ውሃ የሆነ፣ ገብቶ ጨለማው ጥግ ቁጭ አለ። «ተመስገን፣ ዛሬስ ሰማኸኝ» ብለው ምሳውን አቀረቡለት። አልነካውም። ደክሞት ነው አሉ።

ያኔ ከደጅ፣ ከመኪናው ስር፣ የስለሺ ድምፅ ተጣራ።

«እምዬ!»

የማይታይ ሲጣራ አቤት እንደማይባል ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ አቤት ያለ ይወሰዳል። ሮጠው በሩን ቀረቀሩና፣ ልጁ ተሳስቶ እንዳይመልስ አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት። እጁ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«እምዬ፣ ክሪኩ እየከዳኝ ነው! ድንጋይ አቀብይኝ!»

«ዝም በል የኔ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አንተን አይደለም፣ እንዳትመልስ።»

«እምዬ! የት ነሽ? ነይልኝ እንጂ!»

ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። ውጭ ብረት አቃሰተ፤ ምድሩ አንዴ ደነገጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ገደሉም መምታቱን አቆመ።

«ሄደ» አሉ።

የተቀመጠው ሰው እጁን ከእጃቸው ቀስ ብሎ አላቀቀ፣ ተነሥቶም መቀርቀሪያውን ከፈተና፣ የደጁ ብርሃን በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን፣ እርጥብ የመቃብር አፈር የተጣበቀበትን ጎልማሳ ፊት እያሳያቸው፣ ወደ ጉሙ ወጣ።