ኖላዊት ሳታነበው የተፈረመው ውል

አርባ ምንጭ ከተማ፣ ከሲቀላ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በመንገዱ ዳር፣ «ወለቴ ዳቦ» የሚባል ቤት ነበር። አቶ ይፍሩ ባዘዘው በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዳቦ ቤቱን ግን ያቋቋሙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለቴ ነበሩ። ሰው ዳቦውን ፍለጋ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ድረስ ቁልቁል ይወርድ ነበር። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ኖላዊት አሏት። ሕግ ተምራ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣች ዕለት አባትየው ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው፣ ለመንገደኛው ሁሉ ዳቦ በነጻ ሲያድሉ ዋሉ። እንዲህ ሞልቶ የነበረ ቤት ምን ነክቶት ባዶ ቀረ?

መጀመሪያ ወይዘሮ ወለቴ ታመው አረፉ። ዓመታቸው እንደወጣ ኖላዊት ሊሻን የሚባል ወጣት ላገባ ነው አለች። ሊሻን ከደጋው ከገረሴ የመጣ፣ የአቶ ይፍሩ የራሳቸው ተማሪ፣ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ የውሃ መሐንዲስ ለመሆን የበቃ ነው። አባቱ ግን ሸማኔ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ሰው በሥራው ይከበራል» ብለው ያስተማሩት መምህር፣ ነገሩ ከራሳቸው ደጃፍ ሲደርስ ያስተማሩትን ረሱት።

«ወይ እሱን ምረጪ፣ ወይ እኔን» አሏት።

«አባዬ፣ ሊሻን ጎበዝ ልጅ ነው እያልክ ያሳደግከኝ እኮ አንተ ነህ» አለች። ልብሷን ሰብስባ ወጣች፤ ሊሻንን አግብታ ሴቻ ተቀመጠች።

ከሲቀላ ሴቻ በባጃጅ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አባትና ልጅ ግን በአንድ ከተማ እየኖሩ ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ለፋሲካ የላከችላቸውን ጋቢ መለሱት። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝተዋት ሁለቱንም ጊዜ ተሻገሩ። ምሳቸውን ብቻቸውን ይበላሉ፤ ሬዲዮውን የሚከፍቱት ለወሬው ሳይሆን የሰው ድምፅ ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ነው... ይህን ለማንም አይናገሩም።

በሰባተኛው ዓመት «ዘለላ ዳቦ» ከሚባል የአዲስ አበባ ኩባንያ ሁለት ሰዎች መጡ። «ስማችንን፣ ዱቄታችንንና አሠራራችንን ይወስዳሉ፤ እርስዎ ከሽያጩ ድርሻችንን ይሰጡናል። ፍራንቻይዝ ይባላል» ብለው ሃያ ሁለት ገጽ ውል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወሬው ሴቻ ደረሰ። በማግስቱ ከጫኖ መንደር ማንጎ እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤታቸው አሰፋሽ ገባችና ቆማ አመነታች።

«ጋሼ፣ ኖላዊት ልካኝ ነው። ውሉን እኔ ላንብብለት፣ እኔን ካልፈለገ ሌላ ጠበቃ ይያዝ፤ ብቻ ሳያስነብብ እንዳይፈርም ብላለች።»

«ይፍሩ ማንበብ ያውቃል ብለሽ ንገሪያት» አሉ።

በዚያው ሳምንት ፈረሙ። እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። የፈረሙት ኩባንያውን አምነው ነው ወይስ ልጃቸውን ለማሳመም? ይህን እሳቸውም በቅጡ አያውቁትም።

የወይዘሮ ወለቴ ስም ከግንቡ ላይ ተፋቀ። አንድ ዓመት ደህና ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ዱቄቱ ከአዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። አቶ ይፍሩ ቢደውሉ፣ ቢለምኑ፣ መልስ አጡ። ሠራተኞቹ እንዳይበተኑ ብለው ከገበያ ዱቄት ገዝተው አስጋገሩ። ኩባንያው የጠበቀው ይህንን ነበር። «የውጭ ዱቄት ተጠቅመዋል፤ ውሉ ፈርሷል» ብሎ በስልክ አስታወቃቸው። ለካ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ውሉ ከፈረሰ በኋላ አቶ ይፍሩ በማንኛውም ስም ለሦስት ዓመት አርባ ምንጭ ውስጥ ዳቦ እንዳይጋግሩ ይከለክላል። ክስ ተመሠረተ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን ምድጃው እንዲቆም እግድ ወጣ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተሰናበቱ። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት በልማድ ተነስተው፣ ሽርጣቸውን አስረው፣ በቀዘቀዘው ምድጃ ፊት ይቀመጡ ጀመር።

የሄዱበት የመጀመሪያ ጠበቃ ውሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ጠበቃ የሚያዘው ከፊርማው በፊት ነበር» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛው ተክለወልድ የሚባል ወጣት ነው። እሱ ግን ተቀበላቸው፤ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቀኑ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። በሁለተኛው ሳምንት የመከላከያውን መልስ አምጥቶ አስነበባቸው።

አቶ ይፍሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ዱቄቱን በማቋረጥ ውሉን አስቀድሞ የጣሰው ኩባንያው ራሱ ነው ይላል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ማፍረስ እንደማይችልም ከውሉ ጠቅሶ ያስረዳል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አንዱን ቦታ ደግመው አነበቡ። «ተከሳሽ ሙያውን ከከሳሽ አልተማሩም። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ዳቦ ከበርሜል በተሠራ ምድጃ ጋግረው፣ በትንሽ ልጃቸው እጅ ለትምህርት ቤቱ መምህራን በመላክ ንግዱን ጀምረዋል...» ይላል።

«ይህን እኔ አልነገርኩህም» አሉ።

ተክለወልድ ወረቀቶቹን ማስተካከል ያዘ። «አብራኝ የምትሠራ ጠበቃ ናት የነገረችኝ።»

ስሟን አልጠየቁም። ምን ብለው ይጠይቁ? ያቺ ዳቦ ተሸካሚ ትንሽ ልጅ ማን እንደነበረች ከእሳቸውና ከራሷ ሌላ ማን ያውቃል?

አንድ እሑድ ጠዋት ንጹሕ ልብስ ለብሰው ሴቻ ወጡ። ቤቱን ጠይቀው አገኙት። የቆርቆሮውን በር በጣታቸው አንዴ መቱት፤ ወዲያው የመታሁበት እጄ ይቆረጥ ብለው ተጸጸቱ። ከውስጥ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። ስምንት ዓመት የከመሩት ኩራት ግን እኔ ነኝ ከማለት አገዳቸው። «ማን ነው?» አለች ደግማ። አቶ ይፍሩ ቀስ ብለው ዞረው ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ። «ፍርዱ ይሰጥ። አሸንፌ፣ ምድጃውን አስነድጄ፣ ትኩስ ዳቦ ይዤላት እመጣለሁ» አሉ ለራሳቸው። ምስኪን አባት... ሞት እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮውን አስቀድሞ የሚያስታውቅ መስሏቸው ነበርን?

ከሦስት ወር በኋላ ፍርዱ ተነበበ። የኩባንያው ክስ ውድቅ ሆነ፤ እግዱ ተነሳ። አቶ ይፍሩ ከችሎት ሲወጡ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«በል ተክለወልድ፣ አሁን ወደ ልጄ ውሰደኝ» አሉት።

ወጣቱ ጠበቃ ክንዳቸውን ይዞ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ይበርቱ። ኖላዊት ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ኩላሊቷን ከታመመች ዓመት አልፏታል። ያንን መልስ የጻፈችው ተኝታ ነው። ምንም ቢመጣ ቀጠሮውን እንዳላሳልፍ አስምላኝ ነበር።»

«መታመሟን... ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሷ ከለከለችን። አባቴ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም፤ ወዶኝ እንዲመጣ ነው የምፈልገው ትል ነበር።»

ሴቻ ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል። ሊሻን አስተማሪው ሲገቡ እንደሚነሳ ተማሪ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ይግቡ ቲቸር» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ከፊት፣ የሟች አባት በሚቀመጥበት ቦታ፣ አጠር ያሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሊሻን አባት ናቸው። አምስት ወር ሙሉ የሽመና ዕቃቸውን ገረሴ ጥለው፣ ምራታቸውን እየደገፉ ሲያስቀምጡ፣ ውሃ ሲያጠጡ፣ ሲያማት አብረው ሲያለቅሱ ከርመዋል። አቶ ይፍሩን ሲያዩ ቀስ ብለው ተነሱና ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ አደረጉት።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «ቦታ ያንተ ነው።»

አቶ ይፍሩ አልተቀመጡም። እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሸማኔው በሁለት እጃቸው ያዟቸው። «ተው። እኔም አባት ነኝ» አሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ድንኳኑም አብሯቸው አለቀሰ።

ሊሻን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው የነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያን እሑድ ዞረው ሲወርዱ ኖላዊት በመስኮቱ አይታቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን አልጠራችኝም?»

«ልጥራልሽ ስላት እንቢ አለችኝ። እስከ በሩ ከመጣ ሌላ ቀን ይገባል፤ እጠብቀዋለሁ አለች። ቲቸር፣ እስከ ትናንት ድረስ አልጋዋን ከመስኮቱ እንዳናርቅ ትለምነን ነበር።»

ዳቦ ቤቱ ዛሬ ይሠራል። አቶ ይፍሩ ፍርድ ቤት ሄደው ሥራቸውን አስመለሱ፤ የሚያበሉት ልጅ ግን የላቸውም። ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ናት ይባላል። ለእሳቸው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሰጥታቸው ነበር፤ ከዚያም በላይ አንድ እሑድ ጠዋት ጨምራላቸው ነበር። ሰው የተሰጠውን ቀን ሳይጠቀምበት ቀርቶ ዕድሌን ብሎ ማንን ይከሳል? ለዚህ ክስ የሚቆም ጠበቃስ ከወዴት ይገኛል?