ከማጥለያው በኋላ

መርማሪዋ ስትደርስ ቀጋ ለቃሚዋ አሮጊት በረንዳቸው ላይ፣ ከወንበራቸው ሥር ሞተው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ ስኒ ነበር።

ሐኪሙ ከወጥ ቤቱ ቅርጫት አንድ ቀይ ፍሬ አንስቶ አሳያት። «ይሄ ቀጋ አይደለም፤ መርዝ ነው። አምስት ስድስት ተቀላቅሏል።»

«ዓይናቸው ደክሟል» አለ የልጃቸው ባል፣ በሩን ተደግፎ። «ተሳስተው ለቀሙ፤ ቀቀሉ፤ ጠጡ። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ጎረቤታቸው አናጺ ተጠርቶ መጣ። ድንበር ላይ በበቀለው የቀጋ ቁጥቋጦ ሰበብ ከሟቿ ጋር ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል።

«አላዝንም» አለ ሳይቀመጥ። «እሾኋ ልጆቼን ሲቧጭር ኖሯል። ግን በዚህ በር ገብቼ አላውቅም። አሮጊቷም ከእጄ ውሃ አይቀበሉም ነበር።»

የሟቿ ልጅ ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ባሏን ታይ ነበር።

«የቀጋውን ሻይ ማን ያፈላል?»

«እማዬ ትቀቅላለች። የፍሬው ጸጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር እኔ ሁለቴ በጨርቅ አጠልላለሁ።» እርጥቡን ጨርቅ ልታቀብላት እጇን ስትዘረጋ ክንዷ ላይ የበለዘ የአራት ጣት ምልክት ታየ።

«ስኒውን ማን አደረሰላቸው?»

«ራሳቸው ወሰዱ» አለ ባሏ ቀድሟት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ድስቱንና ስኒውን መርምሮ ሲመለስ፣ መርማሪዋ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበች። ጨርቁን ሳህን ላይ ዘረጋችው።

«እዚህ ያለው የቀጋ ልጣጭ ብቻ ነው። ድስቱም ንጹሕ ነው፤ መርዙ የተገኘው ስኒው ውስጥ ነው። ስለዚህ የመርዛማው ፍሬ ጭማቂ የገባው ሻዩ ከተጠለለ በኋላ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው መርዛማ ፍሬ የእሳቸው ስህተት እንዲመስል የተጨመረ ነው። አናጺው ቢሰጣቸው አይጠጡም ነበር። በየቀኑ የምታጠልለው ልጅ ብትሆን ደግሞ፣ ጨርቁ ላይም ጥቂት ጣል ማድረግ አይጠፋትም ነበር። ማጥለያ መኖሩን ያላሰበው አንተ ነህ።»

«ምን አድርገውኝ ነው የምገድላቸው?»

«ሚስትህ ክንድ ላይ ያለውን የጣትህን ምልክት አይተው ከአንተ ሊወስዷት ነበር።»

«አንቺ! ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ሚስቱ ላይ ጮኸ።

ተነስታ ሐኪሙ አጠገብ ቆመች። ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሳችም።

«ስኒውን ከእጄ የተቀበለኝ እሱ ነው። ‹ዛሬ እኔ ላድርስላቸው፤ እንታረቅ› አለኝ። እማዬ ተቀብላው ‹ተባረክ ልጄ› ስትለው ሰምቻለሁ።»