ለልጅ የተያዘ ቦታ

በዚያ ቤት የበሩ እጀታም፣ የፎጣው ጫፍም፣ የትራሱ ልብስም ሰማያዊ ነበር። አባትየው በጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ገንዳ ላይ ዕድሜያቸውን ስለፈጁ ቀለሙ ከእጃቸው አልለቅ ብሎ የነኩትን ሁሉ ያቀልማል። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና አንድ ልጃቸው ብቻ ናቸው።

ፋብሪካው አንድ ልማድ አለው። ሠራተኛ በቁሙ በቃኝ ካለ ቦታውን ለልጁ ያወርሳል፤ ሥራ ላይ እንዳለ ከሞተ ግን ቦታው የማንም ነው። አባት ልጃቸው እሺ እስኪል ይጠብቁ ነበር። ልጁ ግን ከሱቅ ሥራ ወጣ፣ ከቢሮ ሥራ ወጣ፤ በጠየቁት ቁጥር መልሱ «አልተመቸኝም» ነው። ኧረ ለመሆኑ ሥራ ጫማ ነው እንዴ፣ የሚመች የማይመች? አባት ግራ ገባቸው።

ከዚያ ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ከእንግዲህ የገንዳውን እንፋሎት እንደማይችል ነገራቸው። እሳቸው ግን ለልጃቸው ሳይተነፍሱ ወደ ገንዳቸው ተመለሱ... ልጁ በግድግዳው በኩል ሳሉን እየሰማ፣ ይሄ ሰውዬ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም እያለ ይበሳጭ ነበር። ወይ አለማወቅ!

አንድ ቀን ጠዋት አባት ጫማቸውን እያሰሩ ቀና አሉ።

«ቦታዬን ያዝልኝና ልረፍ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ እኔ እንዳንተ መሆን አልፈልግም። ጠዋት ስነሳ ደስ የሚለኝን ሥራ ነው የምፈልገው።»

አባት የጫማቸውን ክር አጥብቀው ተነሡ።

«እኔ ጠዋት ስነሳ አንተን ነበር የማስበው» አሉና ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ ገንዳው አጠገብ ወደቁ፤ አልተነሡም።

ከቀብር በኋላ ልጁ የአባቱን የሥራ ልብስ ሊወስድ ፋብሪካው ሄደ። የክፍሉ አለቃ፣ የአባቱ የድሮ ባልደረባ፣ ልብሱን እያቀበሉት ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገሩት። ልጁ ክው አለ።

«ዓምና ሊለቅ መጥቶ ነበር። ልጅህ ካልገባ ቦታው ለሌላ ነው ስንለው ተመለሰ። ‹ልጄ ገና እየፈለገ ነው፤ ፈልጎ ያጣ ዕለት መግቢያ አይጣ› አለን።»

«ቦታውን ለኔ ይስጡኝ፣ ጋሼ... ዛሬውኑ ልግባ።»

«ተይዟል፣ ልጄ።»

በእንፋሎቱ መሃል አንድ ሰው ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይታያል። ጀርባው፣ ትከሻው፣ ሁለመናው ያው የአባቱ ነው! ልጁ እንባው እየወረደ «አባዬ» ብሎ ተጣራ። ሰውየው ዞረ፤ የማያውቀው ሰው ነበር።

አሁን የሚወደውን ሥራ አግኝቷል ይባላል። ግን ሊነጋጋ ሲል ከግድግዳው ማዶ ሳል ይሰማዋል፤ ተነሥቶ ሄዶ በሩን ቢከፍት አልጋው ባዶ ነው። ምን ያደርጋል! አባትም ልጅም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው፤ ዕጣ ፈንታ ግን ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበትን አንዲት ጠዋት ነፈገቻቸው። እሱም ማንም በሌለበት ክፍል ደጃፍ ቆሞ «ይብቃህ አባዬ፣ እኔ እገባልሃለሁ» ይላል።