የጠራው ድምፅ

«ዕቃው?»

«መጀመሪያ መስኮቱን ዝጋው።»

በላቸው አልዘጋውም። የማክሰኝት የከብት ገበያ አቧራና ጩኸት ወደ መኪናው ይገባል። ቦታውን የመረጠውም ለዚሁ ነው። እዚህ ሁካታ መሃል የሚወራውን የትኛውም መቅጃ ለይቶ አይይዘውም።

ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ኮድ የያዘች ፍላሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ለበላቸው ሶሊያና ናት፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ልዑልቃል ለሚባል መሐንዲስ የምትሠራ፣ አሠሪዋን ለመሸጥ የቆረጠች ሴት። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ «ጽጌ» ናት። በእውነተኛ ስሟ የጠራት ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

ልዑልቃል የፈጠረው ሳውንድ ባር የሚባል፣ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ ነው። የፊልሙን ሙዚቃና ተኩስ ወደ ኋላ ገፍቶ የሰዎቹን ንግግር ያጠራል። የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ፓተንት፣ ወጥቶለታል። ፓተንቱ ግን ሐሳቡን እንጂ ማሽኑን የሚያሠራውን ኮድ ከሌባ አይጠብቅም። በላቸውን የላኩት ሰዎች ፊልም የማየት ፍላጎት የላቸውም። ከሺህ ሰው ጫጫታ መሃል የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለይተው ማውጣት ነው የፈለጉት።

ወጥመዱ ቀላል ነበር። ፍላሿ ላይ ያለው የውሸት ኮድ ነው። ዳኛው የሚባለው የጎንደሩ አለቃዋ በእጁ ሰጥቷታል። «ገና ሲቀበልሽ ልጆቻችን መኪናውን ይከባሉ» ብሏታል።

«እንዴት አገኘሽው?» አለ በላቸው፣ ፍላሿን ላፕቶፑ ላይ እየሰካ።

ሳቀች። የሌባ ሳቅ።

«ወዶኛላ! የወደደ ወንድ መሳቢያ አይቆልፍም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ቀሚሷ ውስጥ የተሸሸገው መቅጃ ሁሉንም ከነጫጫታው ይይዛል።

በላቸው በመስኮቱ የሚገባውን ጩኸት ጥቂት ቀዳና ኮዱን አስነሣው። የከብቱ ግሣት ሟሸሸ። የነጋዴዎቹ ፉጨት ጠፋ። ከወዲያ ማዶ የሚከራከሩ ሁለት ገበሬዎች መኪናው ውስጥ የተቀመጡ ያህል ተሰሙ።

«አያ፣ በሬው ሸጋ ነው። ምነው ዋጋ ትሰብርብኛለህ?»

ጠራ።

የውሸት ኮድ መጥራት አልነበረበትም።

ቀና ብላ ውጭውን አየች። የሚከባቸው ሰው የለም።

በላቸው ስልክ ደወለ። «ዋርካ፣ ዕቃው ደርሷል። እውነተኛው ነው።»

ዋርካ የዳኛው የምስጢር ስም ነው።

እውነተኛውን ኮድ ከልዑልቃል መሳቢያ አውጥታ «ለጥንቃቄ ቢሮ ይቀመጥ» ብላ ለዳኛው ያስረከበችው ራሷ ናት። ዛሬ ያንኑ መልሶ በእጇ አሽጦታል።

«ልጅቷስ?» አለ በላቸው በስልኩ።

መልሱን አልሰማችም። ዓይኑን ግን አየች።

ከፊት መሪውን የያዘው የበላቸው ሾፌር በሮቹን ለመቆለፍ እጁን ሰደደ።

ቀደመችው።

በሩን በርግዳ ከበሬዎቹ መሃል ወደቀች። አንዱ ቀንድ ክንዷን ሰነጠቀው። ተነሥታ ሮጠች። ፍላሿ መኪናው ውስጥ ቀርታለች።

ወደ ጎንደር በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ወደ አዲስ አበባ ደወለች። ወይዘሮ እታገኘሁ የዳኛው የበላይ ናቸው።

«ዋርካ ሸጦናል። በላቸው ዛሬ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይበራል።»

«ማስረጃሽ?»

«የስልኩን ንግግር ቀድቼዋለሁ። ግን ጫጫታ ውጦታል።»

«አስጠሪውና ላኪልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይቆረጥ። የተቆራረጠ ድምፅ ይዤ ባልደረባዬን አላሥርም።»

ከመጀመሪያ።

መጀመሪያው ላይ ምን እንዳለ ታውቃለች። ሊያጠራው የሚችለውም ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሚኒባሱ አዘዞ ላይ ቆመ። ወርዳ መጥፋት ትችል ነበር። እስከ ፒያሳ ሄደች።

«ሶሊያና ልጄ፣ መጣሽ?» አሉ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ የልዑልቃል አባት። ከወርክሾፑ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ጆሯቸው ደከመ። የሰው ንግግር ሁሉ ጉምጉምታ ሆነባቸው። ልጃቸው ማሽኑን የሠራው ለእሳቸው ነው። «ክንድሽን ምነው?»

ልዑልቃል ጨርቅ ይዞ ሮጠ። እጁን ያዘችው።

«መጀመሪያ ስማኝ። ሶሊያና አይደለሁም።»

ባጭሩ ነገረችው። ማን እንደላካት። ኮዱን እንደወሰደች። አሁን የት እንዳለ። መቅጃውን ተቀብሎ ከማሽኑ ጋር አያያዘው።

የገበያው ሁካታ እንደ ጉም ተገፈፈ።

ቀድሞ የመጣው የእሷ ሳቅ ነበር።

«ወዶኛላ! የወደደ ወንድ መሳቢያ አይቆልፍም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ልዑልቃል አላቆመውም። ጣቱ ብቻ ቁልፉ ላይ ደረቀ። መሪጌታ ከወንበራቸው ዞሩ። ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። ልጃቸው በሠራላቸው ጆሮ።

ከዚያ የዳኛው ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተፈልቅቆ ወጣ። «ልጅቷ ጎንደር እንዳትመለስ። እዚያው ጨርሷት።»

ልዑልቃል ድምፁን በሙሉ ለወይዘሮ እታገኘሁ ላከው። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ላይ መኪና ቆመ።

አየችው። ዳኛው ነው።

«ጓዳ ግቢ» አላት ልዑልቃል፣ ሳያያት።

ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ተደበቀች።

«ሶሊያናን ፈልጌ ነበር። ዘመዷ ነኝ» አለ ዳኛው፣ በረጋ ድምፅ።

«እዚህ ሶሊያና የምትባል ሴት የለችም።»

«ጠዋት ነበረች።»

«አልነበረችም» አለ ልዑልቃል። «አለች ብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ዳኛው ኮቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ሁለቱ በሩን ሞሉት። ዳኛው ወደ ኋላ ተመለከተ፣ ወደ ፊት ተመለከተ። እያመነታ ሳለ ወይዘሮ እታገኘሁ የላኩት የፌዴራል ፖሊስ ፒክአፕ መንገዱን ዘጋው።

ከደጃፉ ላይ ወሰዱት። በላቸው አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከነፍላሿ ተያዘ።

ተልዕኮው ተፈጸመ።

ልዑልቃል ጨርቁን አነሣና ክንዷን አሰረላት። ቋጠሮውን አጠበቀና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ስምሽ ማነው?»

የመሥሪያ ቤቷ ሕግ እውነተኛ ስሟን መናገር አይፈቅድላትም።

«የትነበርሽ» አለችው።

ቀስ ብሎ ደገመው። አፉ ውስጥ ጥያቄ ሆነበት። «የት ነበርሽ?»

«ሁሉም ውሸት አልነበረም፣ ልዑል።»

«ይሆናል» አለ። «ግን ከእንግዲህ ምን ብትነግሪኝ ያ ሳቅ ቀድሞሽ ይሰማኛል።»

የመሪጌታን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። አልከለከሏትም።

«እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» አሉ።

ልጄ አላሉም።

አዲስ ስም እስኪላክላት ከከተማው እንድትርቅ ታዘዘች። ወደ ትክል ድንጋይ በሚሄደው አውቶቡስ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ከጎኗ አንዲት ባልቴት የጨው ከረጢት አቅፈዋል።

«ከየት ነሽ የኔ ልጅ?»

ዝም አለች።

«ስምሽ ማነው?»

የምትሰጣቸው ስም አልነበራትም። እንባዋ ግን መጣ።

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና በጣታቸው ጆሯቸውን አመለከቱ።

«አትሰሚም እንዴ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አዬ፣ የኔ ምስኪን» አሉ ባልቴቷ። ነጠላቸውን ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና እስከ ትክል ድንጋይ ድረስ ዳግመኛ ምንም አልጠየቋትም።