ከተንጠልጣዩ ወንበር ሥር

በዚያ ክረምት በኦስትሪያ በቲሮል ተራሮች ላይ የወረደው በረዶ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል እስከ አንገቱ ቀብሮት ነበር፤ ያላመነ መጥቶ ይጠይቀኝ። የዳቦ ጋጋሪው የኤጎን ሬሳ በዚያ በረዶ ውስጥ፣ ሰዎችን ወደ ተራራው ከሚያወጡት ተንጠልጣይ ወንበሮች ሥር ተገኘ። ቢጫ የራስ ቁሩ ተሰንጥቋል። ሁለቱም እግሮቹ ከስኖውቦርዱ፣ በረዶ ላይ ቆመው ከሚንሸራተቱበት ነጠላ ሰሌዳ ጋር ታስረዋል። በጎልማሳነቱ ስኖውቦርድ ልማር ካለ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

መንደሩ ሬሳው ሳይነሳ ፈረደ። ጀማሪን ብቻውን ወንበር ላይ የሰደደችው አስተማሪዋ ቡርጊ ናት፤ ወድቆ ሞተ፤ እሷም እስር ቤት ትገባለች።

ኢንስፔክተር ሮስቪታ ከኢንስብሩክ ከተማ መጣች። ይህች ሴት ውሸታምን ገና ሲያስነጥስ የምታውቅ፣ በአውሮፓ ምድር አቻ የሌላት መርማሪ ናት። መጀመሪያ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የእግር ማሰሪያዎቹን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቡርጊን አስጠራች።

«ለምን ብቻውን ላክሽው?»

«አልላክሁትም። ጓንቴ ርሶ ልቀይር ስገባ ታች ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። ኤጎን ግን አንዴ ከጣመው ማን ያቆመዋል?» ዓይኗ ደርቋል። «ያው ተማሪዬ ነው። እሰሪኝና ይለቅ።»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ምን አስተማርሽው?»

«ወደ ኋላ ሲወድቅ አገጩን ደረቱ ላይ እንዲለጥፍ። ወደ ፊት ሲወድቅ ጣቶቹን ጨብጦ በክንዱ እንዲያርፍ። የራስ ቁሩን በየጠዋቱ ራሴ ነበርኩ የማስርለት።»

ወንበሮቹን የሚቆጣጠረው ሉዊስ ቀጠለ።

«ሲሳፈር አየኸው?»

«እንዴት አላየው? በአንድ እግሩ እየገፋ እንደ ሰከረ ዳክዬ መጣ። ‹ዳቦህ እያረረ ነው› ስለው ሳቀ። የወንበሩን መከላከያ ብረት በእጄ አወረድኩለት። አሁን አላወረድክም ይሉኛል።»

የመጨረሻው ፊንሴንስ ነው፤ የስኪ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ስኖውቦርድን «የትሪ ጨዋታ» እያለ ዘወር ብሎ የማያየው ሽማግሌ።

«ከኋላው ወንበር ላይ ነበርኩ» አለ። «ሰሌዳው ከሁለት እግሩ ሥር እየተወዛወዘ ቁልቁል ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ገደለችው።»

ሮስቪታ ሦስቱንም በሉዊስ ጎጆ ውስጥ ሰበሰበች። ቡርጊ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

«ስኖውቦርድ ያደረገ ሰው» አለች ሮስቪታ፣ «ወንበር ላይ ሲወጣ የኋላ እግሩን ይፈታል። አለዚያ በምን ይገፋል? መልሶ የሚያስረው ተራራው አናት ደርሶ ሊንሸራተት ሲል ነው። የኤጎን ሁለት እግር ታስሯል። ስለዚህ ከወንበር አልወደቀም፤ በሰላም ወርዶ መንሸራተት ጀምሯል። ከዚያ አንድ ሰው ገጭቶት፣ ከወንበር የወደቀ እንዲመስል ጎትቶ ከወንበሮቹ ሥር አስተኛው።»

«ማነው?» አለ ሉዊስ።

«የተፈታ እግር ስታይ የምትውለው አንተ እንዲህ አትሳሳትም። ቡርጊም አትሳሳትም። በስኪ ግን ሁለት እግር በየራሱ ቀጭን ሰሌዳ ላይ ታስሮ ነው ወንበር ላይ የሚወጣው። ፊንሴንስ፣ ሰሌዳው ከሁለት እግሩ ሥር ነበር ብለው ያላዩትን በራስዎ ልማድ ነገሩኝ። የስኪዎ ጫፍ ላይም የራስ ቁሩን ቢጫ ቀለም አገኘሁ።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተጣጠፈ። «ጭጋግ ነበር። እየበረርኩ ከጉብታው ስወርድ ኤጎን ከሥሩ ተቀምጧል፤ ገጨሁት። ከላይ አይታይም። ስም አለኝ፣ ትምህርት ቤት አለኝ… የሞተ መሰለኝ።»

«ሐኪሙ ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር ብሏል።» ሮስቪታ ወደ ቡርጊ ዞረች። «አንቺ ነፃ ነሽ። ቤትሽ ግቢ።»

ቡርጊ አልተነሳችም።

«ከላይ በማይታይ ቦታ አትቀመጥ የሚለውን ትምህርት» አለች፣ «ለማግስቱ ነበር ያቆየሁለት።»